10 ያሸነፈ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) 18 ያሸነፈውን እንዴት በለጠው? ቤዝቦል የምታውቁ ዳኙን

ጥያቄ፦ የቢኒ አባት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ቤቴ ውስጥ ክርክር ገብቶ ዳኛ ጠፍቷል።

እኔ ያደግኩት በእግር ኳስ ነው። ቤዝቦልን የለመድኩት እዚህ መጥቼ፣ ማታ ማታ ስነዳ ከሬዲዮ ነው። መጀመሪያ የምከፍተው እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ነበር። አሁን የዋሽንግተኑ ናሽናልስ ከተሸነፈ እራት አይበላልኝም። ልጄ 12 ዓመቱ ነው። እሱ ደግሞ ጨዋታውን ትቶ ቁጥሩን የሚያነብ ዓይነት ነው።

ባለፈው እሑድ ቡና እየተጠጣ "በፈረንጆቹ 2018 የናሽናልሱ ማክስ ሸርዘር ተበድሏል" አልኩ። ሰውየው 18 አሸንፎ 7 ብቻ ነው የተሸነፈው። 300 ስትራይክአውት (መቺን በሦስት ስትራይክ ማስወጣት) አለው። የናሽናል ሊግ ምርጥ ፒቸር ሽልማት፣ ሳይ ያንግ፣ የሄደው ግን ለኒውዮርክ ሜትሱ ጄከብ ዲግሮም ነው። እሱ ስንት አሸነፈ? 10። ስንት ተሸነፈ? 9። ልጄ ሳቀብኝ። "አባዬ፣ ዊን እኮ የፒቸሩ አይደለም" አለኝ። ታዲያ የማን ነው? የኔ ነው? ተወራረድን። የተረታ አንድ ወር ሙሉ የእራት ሳህን ያጥባል።

ሌላም አለ። ኢ.አር.ኤ፣ ማለትም ፒቸሩ በ9 ኢኒንግ (ዙር) በአማካይ የሚቆጠርበትን ራን (እንደ ጎል ያለ)፣ ማስላት እችላለሁ ብዬ ፎክሬ ተዋረድኩ። የገባበትን ራን በ9 አባዝቶ በኢኒንግ ማካፈል ነው አይደል? አንድ ፒቸር በዓመቱ የመጀመሪያ ጨዋታው 5.2 ኢኒንግ ወርውሮ 3 ራን ተጻፈበት። 27ን ለ5.2 በስልኬ ሳካፍል 5.19 አገኘሁ። ቴሌቪዥኑ 4.76 ይላል። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። እንዲያውም የገባው ራን 4 ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ፤ የተጻፈበት 3። የማን ወገን ናቸው እነዚህ ሰዎች?

መልስ፦ ሒሳብ ወዳዷ

ወንድሜ፣ ስልክህ ደህና ነው። ያታለለችህ ነጥቧ ናት።

አንድ ኢኒንግ ሦስት አውት (ከጨዋታ የወጣ መቺ) አለው። 5.2 ማለት አምስት ኢኒንግ ተጨርሶ፣ በስድስተኛው ሁለት አውት ተገኝቷል ማለት ነው። ስለዚህ አምስት ከሁለት ሦስተኛ ነው። 5 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነድተህ "5.4 ሰዓት" ብለህ ሒሳብ አትሠራም፤ ያው ነው። ለዚህ ነው ከ5.2 ቀጥሎ 6 እንጂ 5.3 የማታየው።

እኔ ኢኒንጉን ትቼ አውት እቆጥራለሁ። አምስት ኢኒንግ 15 አውት፣ ሁለት ሲጨመር 17። ራኑን በ27 አባዛና ለአውቱ አካፍል። 3 ጊዜ 27 ማለት 81። 81 ለ17 ሲካፈል 4.76። ከቴሌቪዥኑ ጋር ታረቅህ።

አራተኛው ራን ምናልባት አንድ ተከላካይ ኳስ ጥሎ የገባ ይሆናል። ስሕተቱ ባይኖር ኖሮ አይገባም ነበር ብሎ ይፋዊው መዝጋቢ ከወሰነ፣ ራኑ ለተቃራኒው ቡድን ይቆጠራል፣ በፒቸሩ ኢ.አር.ኤ ላይ ግን አይገባም። ውሳኔው የሰው ፍርድ ነው፤ ያከራክራል። የውርርዱን ነገር ማታ እመለስበታለሁ፤ አሁን ሥራ ላይ ነኝ።

መልስ፦ የኔቪ ያርድ ሾፌር

የሙያ ባልደረባዬ፣ በሬዲዮ መከታተልህ ደስ አለኝ። ጨዋታ ሲያልቅ ስታዲየሙ በር ላይ ሰው የምጭነው እኔ ነኝ። ፊታቸውን አይቼ ውጤቱን አውቃለሁ።

ዊን የማን እንደሆነ ለመረዳት 2019ን አስታውስ። ዓመቱን በ19 ድልና በ31 ሽንፈት ጀምረን ለዋንጫ የደረስንበት። የፍጻሜው ሰባተኛ ጨዋታ፣ ሂዩስተን። ሸርዘር አንገቱን አሞት አምስተኛውን ጨዋታ መወርወር አቅቶት ነበር። በሰባተኛው መጣ። 5 ኢኒንግ እየተንገታገተ ወረወረ፣ 2 ራን ገባበት፣ 2 ለ 0 እየተመራን ወጣ። ፓትሪክ ኮርቢን ተተክቶ 3 ኢኒንግ ያለ ምንም ራን ዘጋ። እሱ ተራው ላይ እያለ በሰባተኛው ኢኒንግ መቺያችን ሬንዶን ሆም ራን (አጥር የምታልፍ ምት) መታ። ትንሽ ቆይቶ ሃዊ ኬንድሪክ ያቺን የቀኝ ምሰሶ ላይ የጮኸች ሆም ራን! 6 ለ 2። ዊኑ የተጻፈው ለኮርቢን ነው። ለሸርዘር? ምንም።

ሕጉ እንዲህ ነው። ቡድንህ እስከ መጨረሻው የማይለቀውን መሪነት ሲይዝ ሜዳ ላይ የተመዘገበው ፒቸር ዊኑን ይወስዳል። ጨዋታውን የጀመረው ከሆነ ደግሞ ቢያንስ 5 ኢኒንግ መወርወር አለበት። ኮርቢን አልደከመም አልልም፤ ደክሟል። ግን ሬንዶንና ኬንድሪክ ከአንድ ኢኒንግ በፊት ቢመቱ ኖሮ ዊኑ የሸርዘር ይሆን ነበር፤ ያውም አንዲት ኳስ ሳይጨምር።

ፒቸሩን በእግር ኳስ ብታየው በረኛ ነው። በረኛው ዜሮ ይዞ ቢወጣ፣ አጥቂው ካላገባ 0 ለ 0 ነው።

መልስ፦ የሜሞሪያል ስታዲየም ሰው

ልጆች፣ እኔ የቦልቲሞር ኦርዮልስ ደጋፊ ነኝ። ለትምህርት የመጣሁት በ1970ዎቹ ነው። እናንተ ዊንን እንዲህ ስትንቁት ዝም ማለት አልቻልኩም።

በ1971 ኦርዮልስ አራት ፒቸሮች ነበሩት፣ አራቱም 20 እና ከዚያ በላይ አሸነፉ። ማክናሊ፣ ኩዌያር፣ ዶብሰን፣ ፓልመር። ጂም ፓልመር በዕድሜው 268 አሸንፏል፣ ሳይ ያንግ ሦስት ጊዜ ወስዷል፣ 211 ጨዋታ ጀምሮ ራሱ ጨርሷል። የጀመረውን የሚጨርስ ሰው ዊኑ የሱ ካልሆነ የማን ነው? የዛሬዎቹ 5 ኢኒንግ ወርውረው ክንዳቸው ላይ በረዶ አስረው ይቀመጣሉ፤ ከዚያ "ዊን ትርጉም የለውም" ይባላል። ትርጉሙን ያሳጡት እነሱ ናቸው።

ደግሞ ሽንፈትም አንዳንዴ አይዋሽም። ያው ኮርቢናችሁ በ2022 6 አሸንፎ 19 ተሸነፈ። ኢ.አር.ኤው 6.31። ይህንንም መቺዎቹ ናቸው ልትሉኝ ነው?

መልስ፦ ሒሳብ ወዳዷ

ጋሼ፣ የጀመረውን ስለሚጨርሰው ሰው ያሉት ልክ ነው። 9 ኢኒንግ የሚወረውር ፒቸር በውጤቱ ላይ ያለው ድርሻ 5 ከሚወረውረው ይበልጣል። ዊን በዚያ ዘመን ብዙ ይናገር ነበር። ግን ያኔም ቢሆን ቦብ ጊብሰን በ1968 ኢ.አር.ኤው 1.12 ሆኖ 9 ጊዜ ተሸንፏል። መቺ ሁሉ ተስፋ ከመቁረጡ የተነሣ በቀጣዩ ዓመት የመወርወሪያው ጉብታ ከ15 ኢንች ወደ 10 እንዲወርድ ተደረገ። እንዲህ ያለ ሰው 9 ጊዜ ሲሸነፍ ጥፋቱ የሱ ነው?

አሁን ወደ ሳህኑ ውርርድ። የ2018ቱን ሁለቱን ሰዎች ጎን ለጎን እንያቸው። ዲግሮም 217 ኢኒንግ፣ ሸርዘር 220.2። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። በራሳቸው የተቆጠረባቸው ራን ዲግሮም 41፣ ሸርዘር 62። ኢ.አር.ኤ 1.70 እና 2.53። የቢኒ አባት፣ እዚህ ላይ ማቆም ትችል ነበር። ግን አንድ የሚገርም ነገር አለ። ዊፕ የሚባለው ቁጥር፣ ማለትም የተመታበት ሂትና የሰጠው ዎክ (መቺው ሳይመታ በነጻ የሚያገኘው ቤዝ) ተደምሮ ለኢኒንግ ሲካፈል፣ ለሁለቱም 0.91 ነው። ያው! ሁለቱም ቤዝ ላይ የሚያወጡት ሰው ብዛት እኩል ነው። ታዲያ የ21 ራን ልዩነት ከየት መጣ?

ከሆም ራን ነው፣ በአብዛኛው። ዲግሮም ዓመቱን ሙሉ የተመታበት 10 ነው። ሸርዘር 23። አንድ ቤዝ የምታስይዝ ሂትና አጥር የምታልፍ ኳስ በዊፕ እኩል አንድ ተብለው ነው የሚቆጠሩት። ሰው ዊፕን ብቻ ይዞ ሲከራከር የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው።

ለዚህ ነው ፊፕን የምወደው። ፊፕ የሚያየው ተከላካይ እጁን ያላስገባበትን ነገር ብቻ ነው። ሆም ራን በ13፣ ዎክና በኳስ የተመታ መቺ በ3 ይባዛል፣ ስትራይክአውት በ2 ተባዝቶ ይቀነሳል፣ ለኢኒንግ ይካፈላል፤ ከኢ.አር.ኤ ጋር እንዲነጻጸር 3 ገደማ የሆነ ቋሚ ቁጥር ይጨመርበታል። ዲግሮም ወደ 2 ገደማ፣ ሸርዘር 2.65 ያህል ይወጣል። ሸርዘር ግሩም ነበር። ዲግሮም በለጠው። ሜትስ አልመታለትም፣ ያ ብቻ ነው። ከ32 ጅማሮው 13ቱ ዊንም ሽንፈትም ሳይጻፍለት ነው ያለፉት። ከ30 መራጮችም 29ኙ አንደኛ ያደረጉት እሱን ነው።

የፓልመርን ነገር ግን ልንካዎት ነው፣ ጋሼ። ከኋላው ማን ነበር? ሦስተኛ ቤዝ ላይ ብሩክስ ሮቢንሰን፣ 16 የወርቅ ጓንት (የምርጥ ተከላካይ ሽልማት)። ሾርትስቶፕ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል) ላይ ማርክ ቤላንገር፣ 8። እዚያ ጋ ኳስ ማሳለፍ ግድግዳ እንደ መብሳት ነበር።

መልስ፦ የሜሞሪያል ስታዲየም ሰው

ልጄ፣ ሮቢንሰንን ስላነሣሽልኝ ተባረኪ። ግን ፓልመር መቺውን ደካማ ኳስ እንዲመታ ያደርገው ነበር። ቤዝ ሁሉ ሞልቶ ሆም ራን፣ ግራንድ ስላም የምትሉት፣ በዋናው ሊግ ሥራ ዘመኑ አንዲት አልተመታችበትም። አንዲት! ፊፕሽ ይህን የት ይጽፈዋል?

መልስ፦ ሒሳብ ወዳዷ

የትም አይጽፈውም። እዚህ ላይ እጄን ሰጥቻለሁ። ኢ.አር.ኤያቸው ለብዙ ዓመት ከፊፓቸው ዝቅ ብሎ የሚቆይ ጥቂት ፒቸሮች አሉ፣ ፓልመር አንዱ ነው። 16 ጓንት ሁሉን አያብራራም።

መልስ፦ ግራ እጅ

ሰላም ጋሼ የቢኒ አባት። እኔ ሃይስኩል እያለሁ ፒቸር ነበርኩ፤ ጎበዝ ነበርኩ አልልም። ለቢኒ አንድ ነገር ያሳዩልኝ። የ2025 የመክፈቻ ጨዋታ፣ ማኬንዚ ጎር በፊላደልፊያ ላይ። 6 ኢኒንግ፣ 1 ሂት፣ ዎክ የለም፣ 13 ስትራይክአውት። እሱ ከወጣ በኋላ ጨዋታው ወደ 10ኛ ኢኒንግ ሄዶ 7 ለ 3 ተሸነፍን። ጎር ዊን የለውም። እኔ ስታዲየም ነበርኩ፣ በጣም ነው የበረደኝ፣ አሁንም ያናድደኛል።

ደግሞ ኢ.አር.ኤም ቢሆን ንጹሕ እንዳይመስልዎት። አንድ ቀን ስድስተኛው ላይ ሁለት ሰው ቤዝ ላይ ትቼ ወጣሁ። የተተካው ጓደኛዬ በመጀመሪያ ኳሱ ሂት ተመታበት፣ ሁለቱም ገቡ። ለማን የተጻፈ ይመስልዎታል? ለእኔ! ቤዝ ላይ ያወጣቸው እኔ ነኛ። እሱ ራሱ ላይ ዜሮ አስመዝግቦ ኦቾሎኒ እየበላ አጠገቤ ተቀመጠ። ስለዚህ ተቀይሮ የሚገባን ፒቸር በኢ.አር.ኤ ብቻ አይፍረዱ። ትተውለት ከሄዱት ሯጮች ስንቱን አስገባ የሚለውን ይዩ።

እኔ ስለ አንድ ፒቸር ምንም ሳላውቅ ቲኬት ከመግዛቴ በፊት የማየው ስትራይክአውትና ዎክን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ከሆነ እሄዳለሁ። ከሁለትና ከሦስት ጨዋታ ኢ.አር.ኤ ግን ምንም አይነበብም። ሚያዝያ ላይ አንድ መጥፎ ምሽት እስከ ሰኔ ድረስ ያበላሸዋል።

የቢኒ አባት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ከሥራ ገብቼ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ እርሳስና የቢኒን ደብተር ይዤ ተቀመጥኩ። በእህታችን ዘዴ አውት ቆጠርኩ። የሸርዘር 220.2 ኢኒንግ 662 አውት። 62 ጊዜ 27፣ 1674። ሳካፍል 2.53 ዱብ አለ! የዲግሮም 651 አውት፣ 41 ጊዜ 27፣ 1107። 1.70። ልጄ ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ነበር ለካ። ምንም አላለም። ሄዶ የሳህን ማጠቢያውን ስፖንጅ አምጥቶ ደብተሩ ላይ አስቀመጠልኝ።

ጋሼ ቦልቲሞር፣ ለእርስዎ ስል አንድ ሳምንት ቀንሱልኝ ብዬ ለመንኩት። ፓልመርንም ጠቀስኩለት። "በየትኛው ተከላካይ?" አለኝ።

አሁን ሳህን እያጠብኩ ሳለ ደግሞ "ዎር" ስለሚባል ነገር ያስረዳኝ ጀምሯል። ምንድን ነው እሱ?

የሜሞሪያል ስታዲየም ሰው

ሳህኑን ጨርስና ተኛ፣ ልጄ። የዚያኛው ውርርድ መጥበሻም ይጨምራል።