«ክፋቱ ደማቸው ውስጥ ነው»? የውሻና የባለቤት ክርክር

የጠባሴው፦ ትናንት እዚሁ ገጽ ላይ አንዱ «ፒትቡልና ሮትዋይለር የሚባሉት ትልልቅ ውሾች ከደብረ ብርሃን ይውጡልን፣ ክፋቱ ደማቸው ውስጥ ነው» ብሎ ጻፈ። ስንቱ አጨበጨበለት። በጣም ነው የተናደድኩት። ሮትዋይለር አለኝ፣ የሰፈር ልጆች በስሙ እየጠሩ ያጫውቱታል። ደሙ ምን አደረጋችሁ?

የባሶው፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እደግመዋለሁ። እንግሊዞች በ1991 እ.ኤ.አ. ፒትቡልን በሕግ ከለከሉ። በ2023 መጨረሻ ደግሞ ኤክስኤል ቡሊ የሚባለውን ግዙፍ ዝርያ ጨመሩ። ውሻ ጠልተው ነው?

የጠባሴው፦ ሆላንድም ፒትቡልን ከልክላ ነበር፣ ክልከላውን በ2008 እ.ኤ.አ. አነሳችው። እሱን ለምን ዘለልከው? በ2022 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት ከ18 ሺህ በላይ ውሾች አይቶ፣ በውሾች መሃል ካለው የጠባይ ልዩነት ዝርያ የሚያስረዳው 9 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው ብሏል። ታዲያ ደሙ የታለ?

የባሶው፦ በመቶኛ አታደናግረን። ጥናቱ ስለ ጠባይ እንጂ ስለ መንጋጋ አላወራም። ትንሽ ውሻ ሱሪ ይቀዳል፣ ያንተው አጥንት ይሰብራል።

አንኮበሬዋ፦ የመንጋጋው ነገር እውነት ነው ወንድሜ። «ደማቸው» ያልከው ግን አልዋጥልህ አለኝ። ጎረቤታችን ግቢ የታሰረ ውሻ አለ። አንገቱ ላይ ሰንሰለቱ ፀጉሩን ጨርሶ ቆዳው ቀልቷል፣ መሬቱም ሰንሰለቱ እስከደረሰበት ድረስ ክብ ሆኖ ተቦርቡሯል። ሰው ባለፈ ቁጥር ይዘላል፣ ማታ ደግሞ ይለቁታል። የሐበሻ ውሻ ነው፣ የፈረንጅ ደም የለበትም! ቡችላ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሰውና ልጅ ካልለመደ ሲያድግ ሁሉንም ይፈራል፣ የፈራ ውሻ ደግሞ ይናከሳል።

የባሶው፦ እና ልጄ ስትነከስ የውሻውን አስተዳደግ ልጠይቅ?

ሕግ ተማሪው፦ ባለቤቱን ጠይቅ። የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል። «አምልጦኝ ነው» ቢል አያድነውም። ስለ ዝርያ የሚል ነገር የለውም።

የባሶው፦ ሕጉ የሚደርሰው ከተነከስን በኋላ ነው።

መንዜው፦ እናንተ ስለ ፈረንጅ ውሻ ትጨቃጨቃላችሁ፣ እኛ መንዝ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ አለን። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎቹ ከ500 ያነሱ ናቸው። ባሌ ላይ ደጋግሞ የፈጃቸው ከውሻ የተጋባባቸው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ያመጣው ሮትዋይለር አይደለም፣ ማንም ያላስከተበው የእረኛ ውሻ ነው። ከውሾቹ 70 በመቶው ካልተከተበ በሽታው አይቆምም።

የባሶው፦ ርዕስ አትቀይር።

መንዜው፦ አልቀየርኩም፣ ማስከተብ የባለቤት ሥራ ነው። የተነከሰ ሰው ደግሞ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ይጠብና ጤና ጣቢያ ይሩጥ። ጠበል ብቻ እያሉ የዘገዩ ሰዎች አልቀውብናል።

አንኮበሬዋ፦ ጠበሉን ለቀቅ አድርገው።

መንዜው፦ አልነካሁትም እህቴ። ጠበሉንም ክትባቱንም ይውሰድ፣ ክትባቱ ግን አይቅር።

የባሶው፦ የጠባሴው፣ ያንተውስ ተከትቧል?

የጠባሴው፦ በየዓመቱ። ካርዱን ፎቶ አንስቼ ልለጥፈው?

የባሶው፦ ለጥፈው። ከግቢ ስታወጣውም አፉን እሰረው። ያኔም ቢሆን ይውጣልን ነው የምለው።