ለገና ዋዜማ አዲስ ተመራጭ መጡብን፤ ፎቶውን እንለጥፍ ወይስ እንተወው?

ቀሲስ_ዘቨርጂኒያ

ሰላም ለእናንተ ይሁን ልጆቼ። እዚህ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ ግን ምክር ፈልጌ ነው።

በኅዳሩ ምርጫ አሸንፈው የካውንቲያችን (የአካባቢ አስተዳደራችን) የቦርድ አባል የሆኑ ሴት ለገና ዋዜማ ቤተ ክርስቲያናችን መጡ። ሥልጣኑን ከያዙ ገና ሳምንት አልሞላቸውም። ኮሚቴው ቀድሞ ነግሮኝ ነበር። "ቀሲስ፣ የፓርኪንጉን ነገር እንዳይረሱ" ብለው አደራ ጣሉብኝ። (ሰሜን ቨርጂኒያ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። በዓል ሲሆን መኪናው ጎረቤት ሣር ላይ ይወጣል፤ ጎረቤት ደግሞ ካውንቲው ጋ ይደውላል።)

እኔ ያደግሁት ጎጃም ነው። ባለሥልጣን መጣ ሲባል ሕዝቡ ወጥቶ እጅ ይነሣ ነበር። በደርግ ጊዜ ደግሞ ካድሬው ብቅ ሲል አባቶች ዛሬ ምን ሊለን ነው እያሉ ይሳቀቁ ነበር። እኚህ ሴት ግን በር ላይ ዝቅ ብለው የቦት ጫማቸውን ማሰሪያ ይፈታሉ። እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦት ነው፤ ቶሎ አይወልቅም። ከኋላቸው ሰው ተሰልፏል። ማንም "እርስዎ ይለፉ" አላላቸውም፣ እሳቸውም ቅር ያላቸው አይመስሉም። አንዲት እናት ከደረቡት አንዱን ነጠላ አውጥተው አለበሷቸው።

ረዳታቸው ጎረምሳ ነው። ስልኩን ይዞ ከፊት ከፊት ይላል። መስቀል ሳሳልማቸው አንሥቶን ኖሮ "አልጠራም፣ አንዴ ይድገሙት" አለኝ። መስቀል ለፎቶ ይደገማል እንዴ? የምለው ጠፍቶኝ ስቆም እሳቸው "ተወው" ብለውት አለፉ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እዚያ ላይ ልቤን ገዙት።

አዳራሽ ወርደን ሻይ ሲቀርብ ከአዛውንት እናቶች መሀል ተቀመጡ። "አውቶቡስ እዚህ ድረስ ይመጣል?" ብለው ጠየቁ። አይመጣም። እናቶቹ የሚመጡት ልጆቻቸው ሲያደርሷቸው ነው፤ ልጅ ሥራ ከገባ ቤት ይቀራሉ። ይህን በአስተርጓሚ ሲሰሙ ማስታወሻቸውን አውጥተው ራሳቸው ጻፉ። በመጨረሻ "ምን ልርዳዎ?" ሲሉኝ ስለ ፓርኪንጉ አላነሣሁም። "ለድኻ የሚፈርዱ ያድርግዎ" ብዬ መርቄ ሸኘኋቸው።

አሁን ወጣቶቹ ዕድሉን አሳለፍከው ብለው ተቆጥተውኛል። ፎቶውም በፌስቡክ ገጻችን ይለቀቅ እያሉ ነው። እኔ ግን ሴትዮዋን ወድጃቸዋለሁ፤ የከበደኝም እሱ ነው። ነገ ቢያጠፉ በየትኛው አፌ እናገራቸዋለሁ? የገጠማችሁ ካላችሁ እስቲ ንገሩኝ።

ኬፕታውን_ነኝ

ቀሲስ፣ ይባርኩኝ። መውደድዎ አያስጨንቅዎ። እኔ በምኖርበት አገር ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ ማንዴላን ከማንም በላይ ይወዱ ነበር። አፋቸው ግን አልተዘጋም።

ማንዴላ እ.ኤ.አ. የካቲት 11 ቀን 1990 ሲፈቱ የመጀመሪያዋን የነፃነት ሌሊት ያደሩት ቱቱ ቤት ነው፣ ቢሾፕስኮርት። ግንቦት 9 ቀን 1994 ደግሞ እዚሁ ኬፕታውን ፓርላማው ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጣቸው። ከዚያ ከከተማው ማዘጋጃ ቤት ሰገነት ላይ ለሕዝቡ ያስተዋወቋቸው ቱቱ ናቸው። ቪዲዮውን ይፈልጉት፣ ሊቀ ጳጳሱ በደስታ የሚሆኑትን አጥተዋል።

ታዲያ ከዚያ ሁሉ ፍቅር በኋላ ብዙም ሳይቆይ የፓርላማው ደመወዝ ጉዳይ መጣ። ቱቱ ዝም አላሉም። አዲሶቹ ሹማምንት የጥቅማ ጥቅሙን ባቡር ያስቆሙት ራሳቸው እስኪሳፈሩ ብቻ ነው አሉ፣ ያውም በአደባባይ። ማንዴላ ተቆጡ፤ መጀመሪያ ለእኔ ብቻውን አይነግረኝም ነበር ወይ ብለው መለሱ። ኋላ ግን የራሳቸውንም የሚኒስትሮቻቸውንም ደመወዝ ቀነሱ። ቱቱ በዚያ አላበቁም፣ የማንዴላን አበባ አበባ ሸሚዝ ሳይቀር ተቹ። ማንዴላም ቀሚስ ለብሶ የሚዞር ሰው ስለ ሸሚዝ ይነግረኛል እንዴ አሉ። ይህንን ቱቱ ራሳቸው እየሳቁ ያወሩት ነበር።

እንደ ንስሐ አባትም ገሥጸዋቸዋል። ከግራሳ ማሼል ጋር ሳይጋቡ መኖራቸው ለወጣቱ ጥሩ ምሳሌ አይደለም ብለው ተናገሩ። ሁለቱ ሐምሌ 18 ቀን 1998 ተጋቡ፣ የማንዴላ 80ኛ ልደት ቀን መሆኑ ነው።

ማንዴላ ግን አልሸሿቸውም። በ1995 የአፓርታይድ ዘመንን በደል የመረመረውን የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን እንዲመሩ የሾሙት እኚሁኑ ተናጋሪ ነው። ኮሚሽኑ የማንዴላን ፓርቲ ኤኤንሲንም ጭምር ነቀፈ። በ1998 ፓርቲው ሪፖርቱ እንዳይወጣ ፍርድ ቤት ሲሮጥ፣ ማንዴላ ከቱቱ እጅ ተቀበሉት።

እኛ ማንዴላን በ1962 ኮልፌ በሠለጠኑት ወታደራዊ ትምህርት ብቻ ስለምናውቃቸው ይሄኛውን ወሬ ብዙ አናወራውም።

ታክስ_ሠሪው

ቀሲስ፣ በሕጉ በኩል ልግባ። ቤተ ክርስቲያናችሁ ፋይቭ ኦ ዋን ሲ ስሪ (ከግብር ነፃ የሆነ ድርጅት) ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ያለው ሕግ ለሥልጣን የሚወዳደርን ሰው ደግፉ ወይም ንቀፉ እንዳትሉ ነው የሚከለክለው። አተገባበሩ ላይ ክርክር አለ፣ እሱን ለጠበቃ እንተወው። የተመረጠን ሰው መቀበልና ማነጋገር ግን ክልክል አይደለም። ችግር የሚመጣው ዳግም ሲወዳደሩ "እኚህ የኛ ናቸው" የሚል ጽሑፍ ገጻችሁ ላይ ከተገኘ ነው።

ለወጣቶቹ ደግሞ ይንገሩልኝ፤ የፓርኪንግ ፈቃድ በሻይ ሰዓት አይገኝም። ማመልከቻ አለው፣ ጎረቤት የሚሰማበት ስብሰባ አለው፣ ድምፅ ይሰጥበታል። በበዓል ሌሊት ቢጠይቋቸው "ኢሜይል ይላኩልኝ" ነበር የሚሉዎት።

ተስፋ_የቆረጠ

የኛ ከተማው ተመራጭ ከምርጫው በፊት መጥቶ ዶሮውን በላ፣ እስክስታ መታ፣ ከዚያ ወዲህ ዓይኑን አላየነውም። የእርስዎዋ ድምፅ ከተቆጠረ በኋላ መምጣታቸው ነው የገረመኝ። ፎቶውን ለማንኛውም አይለጥፉ።

ጴንጤው_ከሲያትል

እኔ የሌላው ሰፈር ሰው ነኝ፣ ግን ሰላምታዬ ይድረስዎ። ስለ ፎቶ ከተነሣ አሜሪካዊውን ወንጌላዊ ቢሊ ግርሃምን ያስታውሱ። ጥር 1961፣ ኬኔዲ ቃለ መሐላ ሊፈጽም ጥቂት ቀን ሲቀረው ፓልም ቢች ጠራው። ግርሃም በምርጫው በኬኔዲ የተሸነፈው የኒክሰን ወዳጅ መሆኑን አገር ያውቃል። ኬኔዲ ደግሞ የመጀመሪያው ካቶሊክ ፕሬዚዳንት ሊሆን ነው፤ የፕሮቴስታንቱ ስጋት ገና አልበረደም። ጎልፍ ተጫወቱ። መኪና ውስጥ ኬኔዲ ስለ ጌታ ዳግም ምጽአት ጠየቀው፤ ግርሃምም አስረዳው። ማታ ግን ሳያስበው ጋዜጠኞች ፊት አቆመው። የኬኔዲ ፍላጎት የቱ ነበር፣ ምጽአቱ ወይስ ጋዜጠኛው? እኔ ሁለቱም ይመስለኛል።

በ1963 ደግሞ ከጸሎት ቁርስ በኋላ ኬኔዲ አብረን ዋይት ሐውስ እንሂድ አለው። ግርሃም ጉንፋን ይዞት ስለነበር ሌላ ጊዜ ይሁን አለ። በዚያው ዓመት ኅዳር ኬኔዲ ተገደለ። ግርሃም ይህን ዕድሜ ልኩን ሲቆጭበት ኖሯል። ስለዚህ ሴትዮዋ እንደገና ከጠሩዎ ይሂዱ፣ ፎቶ አንሺው ይቅርብዎ እንጂ።

ቀሲስ_ዘቨርጂኒያ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ተስፋ የቆረጥከው ልጄ፣ አንተን ለብቻ እጸልይልሃለሁ።

የመስቀሉ ፎቶ አይወጣም፣ ለኮሚቴው ነግሬያለሁ። ሻይ ሲጠጡ የተነሡት አለ፤ እሱን እናቶቹ ከፈቀዱ እንለቃለን፣ ያለ ሙገሳ። አንዷ "ነጠላዬ ተጣሞ ይታያል" ብለው ከወዲሁ እምቢ ብለዋል። የደመወዙን ታሪክ ግን ለወጣቶቹ እነግራቸዋለሁ፣ ሸሚዙንም ጨምሬ።

ደብዳቤ እየተጻፈ ነው። ፓርኪንጉ ብቻ አይደለም፣ የእናቶቹ አውቶቡስም ገብቷል፤ እንዲያውም ከላይ አድርጉት ብያለሁ። ታክስ ሠሪው፣ ረቂቁን ብልክልህ ታይልኛለህ? የሚጽፈው ልጅ እንግሊዝኛው ጥሩ ነው፣ ግን ቁጣው ገና አልበረደለትም።