እናቴ የታመመችው ጆሮዋን ነው፤ ሲቲ ስካን ለምን አስፈለገ?

ማለዳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ይሄ ነገር የገጠመው ሰው ካለ እባካችሁ አስረዱኝ። እናቴ 67 ዓመቷ ነው፣ ስኳር ካለባት ከ15 ዓመት በላይ ሆኗታል። ከአምስት ሳምንት በፊት ግራ ጆሮዋን ያሳክካት ጀመር። ከዚያ ሕመም፣ ከዚያ ፈሳሽ። የውጭ ጆሮ ኢንፌክሽን ነው ተብላ ጠብታ ተሰጣት። ጨረሰች። ሌላ ጠብታ ተቀየረላት፣ እሱም አለቀ። ሕመሙ ግን ባሰበት እንጂ አልቀነሰም። ማታ ማታማ እንቅልፍ የላትም፤ ወደ መንጋጋዬና ወደ ማጅራቴ ይወጋኛል ትላለች፣ እናቴ ደግሞ ትንሽ ነገር አመመኝ የምትል ሴት አይደለችም።

ትናንት የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ደረስን። ውስጡን በመሣሪያ አየና ፊቱ ኮስተር አለ። ናሙና ወሰደ፣ የደም ምርመራ አዘዘ፣ በአስቸኳይ ሲቲ ስካን ትነሳ አለ። ወረቀቱ ላይ «ማሊግናንት ኦታይተስ ኤክስተርና» ብሎ ጥያቄ ምልክት አድርጎበታል። ማሊግናንት የሚለውን ሳይ እግሬ ተብረከረከ። ካንሰር ማለት ነው? ለጆሮ ሕመምስ ሲቲ ምን ያደርጋል? ጨረሩ በዚህ ዕድሜዋ አይጎዳትም?

የአባቴ ልጅ፦
እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። የጻፍሽውን ሳነብ አባቴን ያየሁ መሰለኝ። ስኳሩ፣ የማታው ሕመም፣ ጠብታው፣ ሁሉም አንድ ነው። እኛ የተሳሳትንበትን ልንገርሽ። አባቴም ገና በመጀመሪያው ሲቲ ተነስቶ ነበር። «አጥንቱ ጤነኛ ነው» የሚል ሪፖርት መጣ። ደስ ብሎን ወደ ቤት ይዘነው ሄድን፣ ያየው ሐኪምም ጠብታውን ቀጥሉ ከማለት ሌላ ምንም አላለንም። በሦስተኛው ሳምንት ጠዋት ሻይ ሲጠጣ ከአፉ ጥግ ይፈስበታል። ግራ ዓይኑ አይከደንም። ፊቱ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። ያኔ ነው ሁለተኛ ሲቲና ኤምአርአይ የታዘዘው፣ ኢንፌክሽኑም የራስ ቅሉ ወለል ላይ ደርሶ ተገኘ። ከብዙ ሳምንት መድኃኒት በኋላ ዳነልን፣ ፊቱ ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ስለዚህ ሲቲው ንጹሕ ቢሆን እንኳ ሕመሙ ካለ እንዳትቀመጪ። ይሄን ለምኜሽ ነው።

ጆሮና ጉሮሮ፦
በዚሁ ሙያ ስፔሻላይዜሽን እየተማርኩ ያለሁ ሐኪም ነኝ። ስሙ አያስደንግጥሽ፣ የኢንፌክሽን ስም ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. ቻንድለር የሚባል ሐኪም ነው «ማሊግናንት» ያለው፤ ያኔ ብዙ ሕመምተኛ ይገድል ስለነበር። አሁን ብዙዎቻችን «ኔክሮታይዚንግ» (ሥጋን የሚያሞት) ማለቱን እንመርጣለን። እውነተኛ የጆሮ ካንሰር ግን አንዳንዴ ይሄንኑ መስሎ ይመጣል። ስለዚህ ከጆሮዋ ውስጥ ቀይ ሥጋ መሰል ነገር ካለ ተቆርጦ ባዮፕሲ መታየት አለበት። ሲቲ ሁለቱን በእርግጠኝነት አይለይም።

ተራው የውጭ ጆሮ ኢንፌክሽን ቆዳው ላይ ይቀራል። በጠብታ በሁለት በሦስት ቀን መሻል ይጀምራል፣ ሲቲም አያስፈልገውም፣ አይቶ መለየት ይበቃል። የእናትሽ ዓይነቱ ግን ቆዳውን አልፎ፣ በጆሮው ቦይ ላይ ባሉ ትንንሽ ስንጥቆች ሾልኮ አጥንት ውስጥ ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ ሱዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው፣ ሰለባዎቹም በዕድሜ የገፉ የስኳር ሕመምተኞችና የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ናቸው። የፊት ነርቭ ከራስ ቅል የሚወጣው ከጆሮ ሥር ስለሆነ ቀድሞ የሚነካው እሱ ነው። የአባታችሁ ፊት የተጣመመው ለዚህ ነው።

ሲቲ የሚያየው አጥንቱን ነው፦ የቦዩ ግድግዳ ተበልቷል ወይ፣ ከኋላ ያለው አጥንት ውስጥ ፈሳሽ አለ ወይ፣ መንጋጋው የሚገጥምበት ቦታ ተነክቷል ወይ። ፈጣን ነው፣ ለዚህም ነው አብዛኛውን ጊዜ የሚቀድመው። ድክመቱ ግን አጥንቱ ማዕድኑን ቢያንስ 30 በመቶ ገደማ ካላጣ መበላቱ ሲቲ ላይ አይታይም። በሽታው ከፎቶው ይቀድማል ማለት ነው። ስለዚህ ስኳር ያለበት ሰው በሕክምና የማይበርድ ከባድ ሕመም ካለው፣ ውስጡ ቀይ ሥጋ ካበቀለና የደም ምርመራው የኢንፌክሽን ምልክት ካሳየ፣ ሲቲው ንጹሕ ነው ብለን አንለቀውም። ኤምአርአይ ለስላሳውን ክፍልና የአጥንቱን መቅኔ የተሻለ ያሳያል። የኑክሌር አጥንት ስካን (ጥቂት ጨረር ያለው ንጥረ ነገር በደም ሥር ተሰጥቶ የሚነሳው) ደግሞ ከሲቲ ቀድሞ ይይዘዋል፣ ኢንፌክሽን ነው ወይስ ሌላ ነገር የሚለውን ግን አይነግርሽም።

ራጅ ክፍል፦
ሲቲ የማነሳ ባለሙያ ነኝ፣ የተረሳውን ልጨምር። ትእዛዙ ላይ «ጭንቅላት» ብቻ ተጽፎ እንዳይመጣ፣ የጆሮ አጥንት ተብሎ ይጻፍ። የጆሮ አጥንት ከ1 ሚሊሜትር ባነሰ ውፍረት ተቆራርጦ ካልታየ ትንሿ መበላት ታመልጣለች። ጉትቻና የፀጉር ብረት ታውልቅ። ምርመራው ደቂቃዎች ነው፣ ብቻ ጭንቅላቷን እንዳታነቃንቅ። በደም ሥር የሚሰጥ ኮንትራስት (ምስሉን የሚያጎላ ፈሳሽ) ከታዘዘ የኩላሊት ምርመራዋን ይዛችሁ ኑ፣ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት የምትወስድ ከሆነም አስቀድማችሁ ንገሩን፤ ኩላሊቷ ደካማ ከሆነ ለ48 ሰዓት ሊቆም ይችላል። በራሳችሁ ግን እንዳታቆሙት። ጨረሩ አያስጨንቅሽ፣ የአንድ ጭንቅላት ሲቲ 2 ሚሊሲቨርት (የጨረር መለኪያ ነው) አካባቢ ነው፣ ሰው በአማካይ ከተፈጥሮ በዓመት ከሚያገኘው ጋር ይቀራረባል። በ67 ዓመቷ ከዚህ ይልቅ የሚያሰጋት ኢንፌክሽኑ ነው።

ማለዳ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ውጤቱ መጣ። የቦዩ የታችኛው አጥንት ተበልቷል ይላል። ናሙናው ላይ ሱዶሞናስ ተገኘ፣ ባዮፕሲው ካንሰር የለም አለ፣ ይሄን ስሰማ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ተኝታ በደም ሥሯ አንቲባዮቲክ ጀምራለች፣ ስኳሯንም እየተከታተሉት ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ መዳኗን ለማወቅ ሲቲው ይደገማል?

ጆሮና ጉሮሮ፦
እንኳን ካንሰር አልሆነ! ሲቲው ለዚያ አይረዳም። የተበላ አጥንት ኢንፌክሽኑ ከጠፋ በኋላም ለወራት እንደተበላ ይታያል፣ ፎቶውን ብቻ ያየ ሰው አልዳነችም ሊል ይችላል። ባሰባት ወይም አዲስ ምልክት ከመጣ ግን ይደገማል። እኛ የምንከታተለው ሕመሙን፣ የጆሮውን ውስጥና በደም የሚታየውን የኢንፌክሽን መጠን ነው፣ ባለበት ቦታ ጋሊየም ስካን የሚባለው ሌላ የኑክሌር ምርመራም ይጨመራል። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ 6 ሳምንትና ከዚያ በላይ ነው፣ ሕመሙ ቀድሞ ስለሚጠፋ ብዙ ሰው መሀል ላይ ያቋርጣል። እናትሽ ድኛለሁ ብላ መድኃኒቱን ስትተው እንዳታምኛት። ጆሮዋንም ማንም በውሃ እንዳያጥብላት፣ በስኳር ሕመምተኛ ላይ ይሄ በሽታ ከጆሮ እጥበት በኋላ የጀመረባቸው አሉ።

የአባቴ ልጅ፦
ማለዳ፣ ጠዋት ጠዋት ፈገግ እንድትል፣ ዓይኗን እንድትጨፍን አድርጊና ፊቷን እዪ። እኛ ያን ብናደርግ ኖሮ ቀድመን እናውቅ ነበር።

ማለዳ፦
አሁን አየሁላት፣ ሁለቱም ጎን እኩል ነው። ትናንት ማታ ደግሞ አራት ሰዓት ሙሉ ተኛች።