ጣና ደርቆ ነበር የሚሉት ነገር፣ ዕድሜውን እንዴት አወቁት?

ባለጀልባው
ሰላም ለሁላችሁ። ከባሕር ዳር ዘጌ ሰው የማመላልስ ባለጀልባ ነኝ። ባለፈው እሑድ ክብራን ገብርኤልን አልፈን ስንሄድ አንድ የጫንኩት ተማሪ «ይኼ ሐይቅ ከ17 ሺህ ዓመት በፊት ደረቅ ሜዳ ነበር» አለ። ሽማግሌዎቹ ሳቁበት። እሺ፣ ደረቀ እንበል። ጭቃ ላይ ቀን አልተጻፈበትም፤ ማን ቆጠረው? የሚያውቅ ካለ በቀላሉ ያስረዳኝ፣ እንግዳ ሲጠይቀኝ አፌን ይዤ መቅረት ሰልችቶኛል።

እንቦጭ ነቃይ
የድሮውን ተዉትና እንቦጩ አሁን ሳያደርቀው በፊት የምናደርገውን ንገሩን።

ወለተ ደለል
ባለጀልባ፣ ልጁ እውነቱን ነው። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢሰፋም ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ እንደ ምጣድ ዝርግ ነው። ዝናብ ከከዳው ይደርቃል። ሄንሪ ላምብ የሚባል የአበሪስትዊዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተመው ጥናት አለ። የድምፅ ሞገድ ወደ ታች ልከው ንብርብሩን አዩ፣ ከዚያ በቱቦ ደለል አወጡ። ከታች የተገኘው ደርቆ የተጠቀጠቀ ደለል ነው። ከሱ በላይ ደግሞ ረግረግ የተወው የበሰበሰ ዕፅዋት፣ ያውም ሐይቁ መሀል! ዛሬ ደንገል የምታየው ዳር ዳሩን ነው፤ ያን ጊዜ መሀሉ የደንገል ረግረግ ነበር።

ዕድሜው የመጣው ከዚህ ነው። ተክል በሕይወት እያለ ከአየር ካርቦን ይወስዳል፤ ጥቂቱ ካርቦን 14 የሚባለው፣ በራሱ እየፈረሰ የሚሄደው ዓይነት ነው። ሲሞት መውሰዱ ይቆምና የያዘው በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። የቀረውን ለክተህ ወደኋላ ታሰላለህ። በዚህ ረግረጉ ከ16,700 እስከ 15,100 ዓመት በፊት እንደነበረ ታወቀ። ከ14,750 ዓመት በፊት ገደማ ደግሞ ሐይቁ ሞልቶ ወደ ዓባይ ፈሰሰ። መውጫ ሳያገኝ ውሃው ትንሽ ጨዋማ ሆኖ ነበር፤ ጨው የሚወዱት ደቃቅ አልጌዎች በድንገት ሲጠፉ ነው መፍሰሱ የታወቀው።

ስለዚህ «ዕድሜው ተለካ» ሲሉህ «የምኑ?» በል። እዚህ የተለካው ተክሉ የሞተበት ጊዜ ነው፣ ጭቃው አይደለም።

ጡረተኛው መምህር
ልጄ፣ ካርቦን ከ50 ሺህ ዓመት ወዲያ አይሠራም ብለን ነው ያስተማርነው። መተማ በኩል ሽንፋ ወንዝ ዳር የተገኘው የሰው መኖሪያ 74 ሺህ ዓመት ነው ይባላል። በምን ተለካ?

ወለተ ደለል
ጋሼ፣ ልክ ነዎት፣ እዚያ ካርቦን አይደርስም። ሽንፋን የለካው አመድ ነው። ኢንዶኔዥያ ያለው ቶባ የሚባል እሳተ ገሞራ ያን ጊዜ ፈንድቶ ከፀጉር የቀጠነ የመስታወት ስባሪ እስከዚህ በተነ። ስባሪው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ከቶባ ጋር ገጠመ፤ የቶባ ዕድሜ ደግሞ አስቀድሞ ይታወቃል። በጆን ካፕልማን መሪነት የተሠራው ይህ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2024 ኔቸር የሚባል የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጥቷል። ሰዎቹ በበጋ ወንዙ ሲቆራረጥ በየኩሬው የቀረውን ዓሣ ያጠምዱ ነበር።

እኔ በእጄ የማውቀው ግን የብርሃኑን ዘዴ ነው። የተቀበረ የአሸዋ ቅንጣት ከዙሪያው አፈር ጨረር እያጠራቀመ ይቆያል፤ ያጠራቀመው ቤተ ሙከራ ውስጥ ብርሃን ሲበራበት ይለካል፤ ከዚያ በፊት ፀሐይ ካየ ግን ይጠፋል። ስለዚህ የብረት ቱቦ በመዶሻ መትተን ቁፋሮው ግድግዳ ውስጥ እናስገባና ስናወጣው ጫፎቹን በጥቁር ፕላስቲክ እናፍናለን። አንዴ አንድ እረኛ «ምን አለበት?» ብሎ ሊከፍተው እጁን ሲሰድ ጮኬበት ደንግጦ ሮጠ። ዳቦ ሰጥተነው ታረቅን። በዚህ የሚታወቀው አሸዋው የተቀበረበት ጊዜ ነው።

ጎርጎራ ያለው ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ ሲቆፈር እነዚህ ዘዴዎች አልነበሩም፤ ካርቦን እንኳ የመጣው በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ነው። የድንጋይ መሣሪያውን በቅርጹ ከመመደብ ሌላ አማራጭ አልነበራቸውም።

ባለጀልባው
እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። ታዲያ ጣና ሳይፈስ ግብፆቹ ምን ይጠጡ ነበር?

ወለተ ደለል
ቪክቶሪያ ሐይቅም ያን ጊዜ ደርቆ ነበር፤ ሞልቶ የፈሰሰው ከ14,500 ዓመት በፊት ገደማ ነው። ስለዚህ ነጭ ዓባይም ጥቁር ዓባይም ዓመቱን ሙሉ አይፈሱም ነበር፤ በክረምት መጥተው በበጋ የሚቆራረጡ ነበሩ ነው የሚሉት።