የጦር ሜዳ ጠረጴዛ ለምትሠሩ፦ ምኑን በእጅ፣ ምኑን በማሽን?

ሰሞኑን ሁለት ጓደኞቼ በተለያየ ቀን አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። በትንንሽ የወታደር ምስሎች የጦርነት ስትራቴጂ ጨዋታ የሚጫወቱበትን ጠረጴዛ፣ ከነተራራው ከነመንደሩ፣ በእጃቸው መሥራት ፈልገዋል። ፎሙ የትኛው ይሻላል? ቤቶቹን ሌዘር ቆራጭ ጋ እንውሰድ ወይስ ስሪዲ ፕሪንተር ያለው ሰው ጋ? አናጺ ያስፈልገናል? በስልክ እየቆራረጥኩ ከምመልስ አንዴ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው። ለሌላውም ይጠቅም ይሆናል።

እስካሁን ሦስት ጠረጴዛ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያውን ያየ ሁሉ ያደንቀው ነበር። ግን አልተጫወትንበትም ማለት ይቻላል። ገደሎቹ ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ወታደር አይቆምባቸውም። የቤቶቹ ጣሪያ ስለማይነሳ እጅ አይገባባቸውም። ሁለት ወር የፈጀ ሥራ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። በጣም ነው ያዘንኩት። ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አለኝ። ዕቃ ከመግዛቴም ሆነ ባለሙያ ከማናገሬ በፊት የወታደሮቼን መቆሚያ እለካለሁ።

መቆሚያ የምለው ወታደሩ የተጣበቀበትን ክብ ነው። በ28 ሚሊሜትር ሚዛን፣ ማለትም የወታደሩ ቁመት 28 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፣ ብዙዎቹ እግረኞች 25 ወይም 32 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ክብ ላይ ይቆማሉ። የፈረሰኛው ከዚያ ይሰፋል። በሩ፣ ደረጃው፣ ድልድዩ፣ የግንቡ አናት፣ የኮረብታው እርከን፣ ሁሉም ከዚያ ክብ መስፋት አለበት። እኔ ለ32ቱ ክብ 40 ሚሊሜትር መተላለፊያ እተዋለሁ። በ6 ሚሊሜትር ሚዛን የምትጫወቱ ከሆነ ሒሳቡ ሌላ ነው። እዚያ አንድ ሙሉ ቡድን አንድ መቆሚያ ላይ ይሰፍራል፣ መንደሩም መዳፍ ላይ ያርፋል። ለማንኛውም ባለሙያ ጋ ስትሄዱ ሦስት ወታደር በኪሳችሁ ያዙ። በቃል ከማስረዳት እነሱን ማሳየት ይቀላል።

አሁን ወደ ጠረጴዛው። የተለመደው ትልቅ ሜዳ 122 በ183 ሴንቲሜትር ነው፤ በጫማ 4 በ6 ማለት ነው። ዋርሃመር 40,000 የሚባለውን ታዋቂ የጦርነት ጨዋታ የምትጫወቱ ደግሞ ከ2020 ወዲህ ለመደበኛው ጨዋታ 112 በ152 አካባቢ ይበቃችኋል። ወርዱን ከ122 አታሳልፉ። ከዚያ ከሰፋ መሃል ላይ ያለውን ወታደር ለማንሳት ጠረጴዛው ላይ መንጠራራት ይመጣል፣ ክርናችሁም ግማሹን ሠራዊት ይጥላል።

አናጺ ጋ ሄዶ አንድ ወጥ ሰሌዳ ማሠራት የብዙ ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ነው። የእኔም ነበር። አልመክረውም። ውፍረቱ 18 ሚሊሜትር የሆነ ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራ ሰሌዳ) በዚህ ስፋት ወደ 30 ኪሎ ይመዝናል። በዚያው ስፋት 5 ሴንቲሜትር የሚወፍር ጠንካራ ፎም ግን አብዛኛውን ጊዜ 4 ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ ስድስት ካሬ ሰሌዳ ሥሩ፣ እያንዳንዱ 61 በ61 ሴንቲሜትር። ሲገጠሙ ልክ 122 በ183 ይሆናሉ። ሲቀያየሩ ደግሞ አዲስ ሜዳ ይወጣቸዋል፤ ዛሬ በግራ የነበረው ወንዝ ነገ በቀኝ ይሄዳል። ሐሳቡ የቆየ ነው። የፕሩሲያው ጌኦርግ ሌኦፖልድ ፎን ራይስቪትስ በ1812 ለንጉሡ ያቀረበው የጦርነት ጨዋታ ጠረጴዛ እየተነሱ ከሚቀያየሩ የመሬት ካሬዎች የተሠራ ነበር። ከ200 ዓመት በኋላም ከዚህ የሚሻል ዘዴ አላየሁም።

አናጺው የሚያስፈልጋችሁ ለካሬዎቹ መሠረት ነው። 6 ሚሊሜትር ኮምፔርሳቶ ወይም ኤምዲኤፍ ይበቃል። ስድስቱንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ማሽን፣ ልኬቱን ሳያነሳ እንዲቆርጥ ጠይቁት። እዚያው ሳላችሁ ከማዕዘን ማዕዘን ለኩ። ሁለቱም አቅጣጫ 86.3 ሴንቲሜትር ከሆነ ካሬው ትክክል ነው። ከተለያየ ጠሟል፤ ጠማማ ካሬ ደግሞ ስድስት ሲሆን መሃል ላይ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይፈጥራል። ኤምዲኤፍን በአንድ በኩል ብቻ ቀለም ከቀባችሁት ይጎብጣል። ሁለቱንም ፊት ቀቡት፣ ጠርዙንም አትርሱ።

ቋሚ ቦታ የሌለው ሰው ይህን ሁሉ ትቶ ሥዕል የታተመበት የኒዮፕሪን (ለስላሳ ጎማ) ምንጣፍ ቢገዛ አይቆጭም። ይጠቀለላል፣ ዳይስ ሲወረወርበት አይጮህም፣ ወታደርም አይንሸራተትበትም። የሚጎድለው ነገር ጥልቀት ነው። ምንጣፍ ላይ ወንዙ ሥዕል ነው። ካሬ ላይ ግን ወንዙ ወደ ታች ይቆፈራል፣ ምሽጉም እንደዚያው። ምሽግ ውስጥ እውነት ዝቅ ብሎ የቆመ ወታደር ካያችሁ በኋላ ወደ ሥዕሉ መመለስ ይከብዳል።

ፎሙን በተመለከተ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ነጩ፣ የዕቃ ማሸጊያው፣ ሲቆረጥ ፍሬ ፍሬ እየሆነ የሚበተነው ነው፤ ኢፒኤስ ይባላል። ሁለተኛው ኤክስፒኤስ ነው። ለሕንፃ ሙቀት መከላከያ የሚውለው፣ ብዙ ጊዜ ሮዝ፣ ሰማያዊ ወይም ቢጫ የሆነው። ወጥና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በእርሳስ ጫና ብቻ የጡብ መስመር ይይዛል። የአሉሚኒየም ፎይል ጨማድዳችሁ ብትጫኑበት የድንጋይ መልክ ያወጣል። ለሚታየው ነገር ሁሉ እሱን ተጠቀሙ። ነጩን ለኮረብታ ሆድ ዕቃ ተዉት። ኮረብታ ስትቀርጹ ደግሞ ተዳፋቱን ከማለስለስ ይልቅ እርከን አውጡለት፤ እርከኑም ከመቆሚያው ክብ ይስፋ። ፎሙን በጋለ ሽቦ የምትቆርጡ ከሆነ መስኮት ክፈቱ፣ ከተቻለም ውጪ ሁኑ። ጭሱ ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

ማጣበቂያ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሱፐር ግሉ ፎም ይበላል። ተራ ስፕሬይ ቀለምም እንደዚያው። አንድ ቀን ሙሉ የቀረጽኩት ገደል በስፕሬይ ሲሟሟ ቆሜ አይቻለሁ። የእንጨት ነጭ ኮላ አይበላም፣ ግን ሁለት ሰፊ ፎም መሃል ሲገባ አየር ስለማያገኝ ለቀናት እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ለሰፊው ገጽ ለፎም ተብሎ የተሠራ ማጣበቂያ ግዙ። ከሌለ ነጩን ኮላ ቀብታችሁ፣ በስንጥር ወግታችሁ፣ ክብደት ጭናችሁ ታገሡት።

አሁን ብዙ ወደሚያከራክረው እንምጣ፤ ቤቶቹና ግንቦቹ።

ሌዘር ቆራጭ ጠፍጣፋ ለሆነ ነገር የሚተካከለው የለም። ባለ 3 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ ተቆርጦ ቤት፣ ድልድይ፣ የመስኮት ፍሬም፣ የሠራዊት መያዣ ትሪ ይወጣዋል። አንድ ዓይነት አሥር ቤት የሚያስፈልገው ሰው ሌላ አማራጭ ባይፈልግ ይሻለዋል። ድክመቱ ሁሉም ነገር ሳጥን ሳጥን መምሰሉ ነው፤ ማዕዘኖቹ ላይ ቁርጥራጮቹ የሚያያዙባቸው ጥርሶች መጋጠሚያ ይታያል፣ ጠርዙም ይጠቁራል። በቀጭን ስቱኮና በካርቶን ጡብ ይሸፈናል። ከማስቆረጣችሁ በፊት የሙከራ ቁራጭ ጠይቁ። ጨረሩ ራሱ የሚያቃጥለው ስስ መስመር አለ፣ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊሜትር አካባቢ። እሱ ካልታሰበ ጥርሶቹ ይላላሉ። ሙሉ ፋይሉን ከማስረከብ በፊት አንድ ማዕዘን ብቻ አስቆርጦ መግጠም ብዙ ሰሌዳ ያድናል። እባካችሁ ፒቪሲ ፕላስቲክ ይዛችሁ አትሂዱ። በሌዘር ሲቃጠል ሰውንም ማሽኑንም የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል። ጥሩ ባለሙያ ራሱ እምቢ ይላችኋል፤ ዝም ብሎ የሚቀበል ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ስሪዲ ፕሪንተር ሁለት ዓይነት መሆኑን ብዙ ደንበኛ አያውቅም። አንዱ የፕላስቲክ ክር አቅልጦ የሚደርበው ነው። ድርቡ አብዛኛውን ጊዜ 0.2 ሚሊሜትር ስለሆነ መስመሩ በዓይን ይታያል። ለዓለት፣ ለፍርስራሽ፣ ለግንብ ግን ችግር የለበትም፤ ሻካራነቱ እንዲያውም ያግዛል። ወድቆም በቀላሉ አይሰበርም። ለመሬት ገጽታ የምመክረው እሱን ነው። ፒኤልኤ የሚባለው የተለመደው ክር 60 ዲግሪ አካባቢ ስለሚለሰልስ ግን ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት።

ሁለተኛው በብርሃን የሚደርቅ ፈሳሽ ሬዚን የሚጠቀመው ነው። ድርቡ 0.05 ሚሊሜትርና ከዚያም በታች ይወርዳል። የፊት መጨማደድ፣ የቀበቶ መቆለፊያ ሁሉ ይወጣል። ለአዛዦች፣ ለጭንቅላት፣ ለመሣሪያ የሚሆነው እሱ ነው። ለትልቅ ግንብ አይሆንም፤ ብዙው ሬዚን ተሰባሪ ነው። እዚህ ላይ ባለሙያ አመራረጥ ትልቅ ልዩነት አለው። አንድ ጊዜ አምስት አዛዦች አሳትሜ ሲደርሱኝ እጅ ላይ ይጣበቁ ነበር። በደንብ አልታጠቡም፣ በዩቪ ብርሃንም አልደረቁም። ያልደረቀ ሬዚን ቆዳ ይጎዳል። ስለዚህ ከመረከባችሁ በፊት በጓንት ነክታችሁ እዩ። የሚያጣብቅ ወይም ኃይለኛ ሽታ ያለው ከሆነ መልሱት። ውስጡ ባዶ ሆኖ ከታተመም ማፍሰሻ ቀዳዳ እንዳለው ጠይቁ። ውስጡ የቀረ ፈሳሽ ከወራት በኋላ ምስሉን ሰንጥቆ ይወጣል። የምታሳትሙት ፋይል ለግል ብቻ የተፈቀደ ሊሆን ስለሚችል ፈቃዱንም አንብቡ። ቀራጩ የለፋበት ነው።

በእጅ የሚሠራውስ? ልቤ ያለው እዚህ ነው። ከኤክስፒኤስ ቁራጭ ጡብ እየቆረጡ አንድ በአንድ የተገነባ ግንብ ከየትኛውም ማሽን ሥራ ጎን ይቆማል። ጊዜ ይፈጃል፣ እውነት ነው። ስለዚህ አሥሩን ተራ ቤት ለሌዘር ስጡ፣ መሃል የሚቆመውን አንዱን ግንብ ግን ራሳችሁ ሥሩት። የጨዋታው ዓይን የሚያርፈው እሱ ላይ ነው፣ ታሪኩም የእናንተ ይሆናል።

ወታደሮቹን ራሱ ለመለወጥ፣ ካባ ለማልበስ ወይም ጋሻ ለማስያዝ ሁለት ክፍሉ ተቀላቅሎ የሚደርቅ የኢፖክሲ ሊጥ አለ፣ ሁለት ዓይነት። ግሪን ስታፍ ሲደርቅም ትንሽ ይተጣጠፋል፤ ለልብስ፣ ለጠፍር፣ ለፀጉር ጥሩ ነው። ሚሊፑት ድንጋይ ይሆናል፣ በብርጭቆ ወረቀትም ይፋቃል፤ ለጦር ዕቃና ለመቆሚያ እሱ ይሻላል። መሣሪያው እንዲቀያየር ከፈለጋችሁ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ማግኔት ቅበሩ። ከማጣበቃችሁ በፊት የትኛው ፊት እንደሚሳሳብ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ግን ማግኔቱን ተዉት። ሁለት ከተዋጠ አንጀት ውስጥ ተሳስቦ ከባድ ጉዳት ያደርሳል።

አንድን ነገር፣ ለምሳሌ የጆንያ ምሽግ፣ ማባዛት የምትፈልጉ የሲሊኮን ቅርጽ አውጥታችሁ ጀሶ አፍስሱበት። ኦርጅናሉን በመቅረጫ ጭቃ የምትሠሩ ከሆነ ድኝ የሌለበት ይሁን። ድኝ ያለበት ጭቃ በፕላቲነም የሚደርቀውን ሲሊኮን እንዳይደርቅ ያደርገዋል።

ቀለም ላይ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ለትንንሽ ምስሎች ተብለው የሚሸጡት ቀለሞች ለወታደሩ ናቸው። ለመሬቱ ተራ ውሃ ቅይጥ የግድግዳ ቀለም ይበቃል። ጥቁሩን ከነጭ ኮላ ጋር ቀላቅላችሁ መጀመሪያ መላውን ፎም ቀቡት፤ ያጠነክረዋል፣ ከጥፍርም ያድነዋል። ሲደርቅ አሸዋ በኮላ፣ ከዚያ ጥቁር ቡናማ፣ ከዚያ ብሩሹን ጨርቅ ላይ ጠርጋችሁ ፈዘዝ ያለ ቡናማ በላዩ ላይ ፋቅ ፋቅ። ከፍ ያለው ብቻ ይነጣል፣ ድንጋዩ ድንጋይ ይመስላል። ይህቺ ደቂቃ በጣም ደስ ትለኛለች።

ለሣር በኤሌክትሪክ ቻርጅ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ሰው ሠራሽ ሣር ያምራል። የ2ቱንና የ4ቱን ሚሊሜትር ደባልቁ፤ አንድ ወጥ ከሆነ የስታዲየም ሜዳ ይመስላል። መበተኛ መሣሪያው ከሌላችሁ በደንብ የተነፋ ሰጋቱራ በአረንጓዴ ቀለም ነክራችሁ አድርቁት፣ ከርቀት ልዩነቱ አይታወቅም። ለወንዙ አንጸባራቂ ቫርኒሽ በሦስት በአራት ድርብ ይበቃል። የኢፖክሲ ሬዚን ውሃ የበለጠ ያምራል፣ ግን በአንዴ ወፍራም ከተፈሰሰ ሲደርቅ ይግላል፣ ሥሩ ያለውን ፎምም ያበላሻል። ጥቂት ጥቂት ሚሊሜትር እየጠበቃችሁ ደርቡ።

ካሬዎቹን ስታስቀምጡ እንደ መጽሐፍ በጠርዛቸው አቁሟቸው፤ ከተደራረቡ ሣሩ ይተኛል። እያንዳንዱ ካሬ ሥር ደግሞ የቀለሙን ቁጥርና የድብልቁን መጠን ጻፉ። ቀለም ቤቱ በቁጥሩ ያንኑ ቡናማ ያወጣላችኋል። እኔ ሁለተኛው ጠረጴዛዬ ላይ ሳልጽፍ ቀርቼ በኋላ የጨመርኳት ሰባተኛዋ ካሬ እስከ ዛሬ ከሌሎቹ ጋር አልገጠመችም።