ልጆች በአትክልት የሚዋጉበት ድምፅ አልባ ፊልም ስሙ ማን ነው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከልጄ ጋር አንድ የድሮ ድምፅ አልባ ኮሜዲ ጀምረን ነበር። የሰፈር ልጆች ጎራ ለይተው በበሰበሰ አትክልት ይዋጋሉ። ቀጥሎ ተደብቀው ፊልም ስቱዲዮ ይገባሉ። እዚያ ላይ ኔትወርኩ ጠፋ። ልጄ «አምጪልኝ» ብላ ይዛኛለች። ስሙን የምታውቁ? ሹሩባ የተሠራችው ሚጢጢዋ ጥቁር ልጅስ ማን ናት?

መልስ፦
እህቴ፣ «ዶግስ ኦፍ ዋር» ነው፣ እ.ኤ.አ. የ1923። የፊልም አዘጋጁ (ፕሮዲውሰሩ) ሃል ሮች በ1922 ከጀመረው «አወር ጋንግ» ከሚባለው ተከታታይ አንዱ ነው። ሳትጨርሱት እንዳትተዉት! ስቱዲዮው ውስጥ የዚያን ዘመን ታዋቂ ኮሜዲያን ሃሮልድ ሎይድ ራሱ በዚያ ክብ መነጽሩ ብቅ ይላል።

እኔ እነዚህን ፊልሞች የምወዳቸው ልጆቹ የሚተውኑ ስለማይመስሉ ነው። ከልጆቹ አንዱን፣ ሚኪ ዳንኤልስን እዪው። ፊቱ ሙሉ ጠቃጠቆ ነው፤ ሲስቅ አፉ ጆሮው ይደርሳል። እንዲህ ያለ ሳቅ ተጠንቶ አይመጣም። ዳይሬክተሩ ሮበርት ማክጋወን ለትንንሾቹ ቃል አያስጠናም ነበር። ካሜራው እየቀረጸ «አሁን ዙር፣ አሁን ሩጥ» ይላቸዋል። ድምፅ ስለማይቀዳ ማንም አይሰማውም። በ1929 ድምፅ ሲመጣ ይሄ ነገር ቀረ፤ ለእኔ ትልቅ ኪሳራ ነው።

ሚጢጢዋ ያልሻት ደግሞ ወንድ ልጅ ነው! ፋሪና ይሉታል፣ እውነተኛ ስሙ አለን ሆስኪንስ። ሲጀምር ገና ሁለት ዓመት ገደማ ነበር። ከመቶ በላይ ፊልም ሠርቷል።

ሌላ መልስ፦
በተባለው እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ግን ልጨምር። ጥቁርና ነጭ ልጆች በዚያ ዘመን አሜሪካ እኩል አብረው ሲጫወቱ ማሳየት ቀላል አልነበረም። ያም ሆኖ በጥቁሮቹ ልጆች ላይ የሚቀለድባቸው ቦታዎች አሉ፣ ያማሉ። አብረሻት ቁጭ ብለሽ እዪ።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ፋሪና ወንድ ነው ስላት አላምንም አለች። ከዚህ ቀጥሎ የቱን ላሳያት?

መልስ፦
«ዘ ቻምፒን»ን፣ እሱም የ1923 ነው። ከልጆቹ አንዱ ሳሚ የቦክስ ግጥሚያ አዘጋጅ ሆኖ የሰፈሩን ልጆች ያጋጥማል። ሁለት ሪል (የፊልም ጥቅል) ነው፣ ሃያ ደቂቃ ገደማ፤ ከእራት በፊት ያልቃል።