«ቴቄል» ላይ ያለው «ተ» የማን ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዳንኤል ምዕራፍ 5 ላይ፣ በብልጣሶር ግብዣ ግድግዳ ላይ የተጻፈው «ማኔ ቴቄል ፋሬስ» አለ አይደል? ዳንኤል «ቴቄል»ን «በሚዛን ተመዘንህ» ብሎ ነው የፈታው። መነሻው ላይ ያለው «ተ» የኛው «ተመዘነ»፣ «ተሰጠ» ላይ ያለው ነው?

መልስ፦ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ይሄ «ተ» የሥሩ ፊደል ነው። ግሡ ይህ የዳንኤል ክፍል በተጻፈበት ቋንቋ፣ በአራማይክ፣ ተ-ቀ-ለ፣ ማለትም «መዘነ» ነው። ይህ «ተ» በዕብራይስጥ «ሸ» ይሆናል፤ እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ዛሬም የሚከፈሉበት ሸቀል የመጣው ከዚያ ነው። በግእዝ ደግሞ «ሰ»። ሦስትን እዩት፦ በዕብራይስጥ ሻሎሽ፣ በአራማይክ ትላት፣ በግእዝ ሠለስቱ። በሬም ያው ነው፦ ሾር፣ ቶር፣ ሶር። በዚሁ መንገድ ከሄድን የአራማይኩ «ተቀለ» የኛ «ሰቀለ» ዘመድ ነው። ምን ያገናኘዋል የሚል ካለ፣ የጥንቱ ሚዛን እኮ ተንጠልጥሎ ነው የሚመዝነው።

«ተመዘንህ» የሚለው ተገብሮ ታዲያ ከአናባቢው ነው የመጣው። ቁጥር 27 ላይ ቃሉ «ተቂልታ» ይላል። «ታ» አንተ ማለት ነው፣ ተገብሮውን የያዘው «ቂ» ነው። ዓረብኛ የሚያውቅ «ቀተለ» ገደለ፣ «ቁቲለ» ተገደለ የሚለውን ያስታውስ። የዳንኤልና የዕዝራ አራማይክ ይህን ስልት ይዟል። በኋለኛው አራማይክ እየጠፋ ሄዶ «ኢት» የሚል ቅጥያ ፊት ላይ እየገባ ተካው። ያ «ኢት» ነው እንግዲህ ከኛ «ተ» ጋር የሚዛመደው።

«ፋሬስ»ም ሲፈታ «ፐሪሳት» ይሆናል፣ ተከፈለች። መንግሥት በአራማይክ ሴት ስለሆነች ነው። ፋርስ የሚለውን የአገር ስምም አብሮ ይነካል።

ሌላ አባል፦ የባቢሎን ጠቢባን ማንበብ ያቃታቸው ለምን ይሆን? ቋንቋው የራሳቸው አይደለም እንዴ?

መልስ፦ መጽሐፉ ምክንያቱን አይነግረንም። ግን ያኔ አናባቢ አይጻፍም ነበር። ፊደሎቹን እንደ ስም ካነበብካቸው የሚዛን ዝርዝር ነው የሚወጣህ፦ ምናን፣ ሰቅል፣ ግማሽ ምናን። ይህን በ1886 ያመለከተው ፈረንሳዊው የጥንት ጽሑፎች ተመራማሪ ክሌርሞን-ጋኖ ነው። እኔን ያሳምነኛል። ዳንኤል ያደረገው የክብደት ስሞቹን ወደ ግሥ መመለስ ነው፤ ምናን ቈጠረ ሆነ፣ ሰቅል ተመዘንህ።

በነገራችን ላይ አራማይኩ ላይ «መኔ» ሁለት ጊዜ ነው የተጻፈው። የኛ መጽሐፍ ቅዱስ የግሪኩን ትርጉም መንገድ ተከትሎ አንዱን ትቶታል።